«ፍራንክ ልሁንልዎት» ሲሉ ምን እያሉ ነው?

እናቴን ሐኪም ቤት ይዤ ስሄድ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። የምንኖረው አሜሪካ ነው፣ እንግሊዝኛዋ ለሰላምታና ለገበያ ይበቃታል፣ ሐኪም ፊት ስትቀመጥ ግን አይበቃትም። አንድ ቀን ሐኪሙ የስኳሯን ውጤት አየት አረገና ወንበሩን ወደሷ አዙሮ በእንግሊዝኛ «ፍራንክ ልሁንልዎት» አላት፣ እኔም ብዙ ሳላስብ «እውነቱን ልንገርዎት እያለ ነው» ብዬ ተረጎምኩላት። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና «እስካሁን የነገረኝስ ውሸት ነበር እንዴ?» አለችኝ።

ሰውየው አንድም ቀን ዋሽቷት አያውቅም። እኔ ነኝ ፍራንክን ከእውነት ጋር አንድ አርጌ የተረጎምኩት። እውነተኛ የሆነ ሰው ማለት ያልሆነውን ሆነ የማይል ነው፣ ፍራንክ የሆነ ሰው ደሞ ውስጡ ያለውን የማያስቀር ነው፣ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰው አንድም ውሸት ሳይናገር ዋናውን ነገር ይዞ ሊቀር ይችላል፣ እኛ ሀገር መርዶ ሲደበቅ፣ በሽተኛ ሕመሙ ሳይነገረው ሲቀር እንደሚሆነው ማለት ነው። ሐኪሙ ሊላት የፈለገው «እስካሁን ለስለስ አርጌ ነበር የማወራዎት፣ አሁን ሳልሸፍን ልነግርዎት ነው» ነበር።

ከዛን ቀን ጀምሮ ቃሉ ውስጤ ቀረ፣ ከየት እንደመጣ ማንበብ ስጀምር ደሞ ጉዳዩ ጭራሽ ሌላ ቦታ ወሰደኝ፣ ምክንያቱም ይሄ «ፍራንክ» የሚሉት ቃል እኛ በየቀኑ አፋችን ላይ ያለ ቃል ወንድም ሆኖ ነው ያገኘሁት። ፈረንጅ!

ብዙ ሰው ፈረንጅ «ፎሪነር» ከሚለው እንግሊዝኛ የመጣ ይመስለዋል፣ እኔም ልጅ ሆኜ እንደዛ ነበር የተነገረኝ። አይደለም። ፎሪነር የሚለው መነሻው ላቲን ነው፣ «ከደጅ፣ ከውጭ» ከሚል ቃል ነው የወጣው፣ ከፈረንጅ ጋር ዝምድና የላቸውም። ፈረንጅ የመጣው ፍራንኮች ከሚባሉ ሕዝቦች ስም ነው። በአረብኛ ኢፍራንጅ ተባሉ፣ በድሮ የግዕዝ ጽሑፎች አፍርንጅ ሆኑ፣ በኛ አፍ ፈረንጅ። እንግሊዝኛው ፍራንክም የወጣው ከነዚሁ ሕዝቦች ስም ነው። አንድ ስም ወደ ምሥራቅ ሲሄድ «የውጭ ሰው» ሆነ፣ ወደ ምዕራብ ሲሄድ «የማይደብቅ ሰው» ሆነ። እንዴት እንደዚ ሊሆን ቻለ የሚለውን ነው ለማስረዳት የምሞክረው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ስሙ ራሱ እዚም ገባ።

ፍራንኮች ማለት በራይን ወንዝ በታችኛው በኩል፣ ዛሬ ሆላንድ ቤልጂየምና ምዕራብ ጀርመን በሚባለው አካባቢ ይኖሩ የነበሩ የጀርመን ዘር ነገዶች ናቸው፣ ሮማውያን በ3ኛው ክፍለ ዘመን ነው ስማቸውን መጥራት የጀመሩት። የስማቸው ትርጉም ላይ አጥኚዎች ይከራከራሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግን ጦር የሚለው ነው፣ የሚወረወር ጦር፣ በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ፍራንካ» ማለት ጦር ነበር። ጎረቤቶቻቸው ሳክሰኖችም ስማቸው ሴአክስ ከሚባል ቢላዋ የወጣ ነው ይባላል፣ ስለዚ ሕዝብን በመሣሪያው መጥራት በዛን ጊዜ እንግዳ ነገር አልነበረም።

እነዚህ ሰዎች የሮም መንግሥት ሲዳከም ወደ ደቡብ ወረዱና ጎል የሚባለውን አገር፣ የዛሬዋን ፈረንሳይ ማለት ነው፣ ያዙት። ንጉሣቸው ክሎቪስ በ486 እዛ የነበረውን የመጨረሻውን የሮም ገዢ አሸነፈ፣ በኋላ በሬምስ ከተማ ተጠምቆ ክርስቲያን ሆነ። ፈረንሳይ ስሟን ያገኘችው ከነሱ ነው። የሚገርመው ቋንቋቸውን ግን አላወረሷትም፣ ሕዝቡ ላቲን ተናጋሪ ስለነበር ቀስ በቀስ እነሱ ራሳቸው የሕዝቡን ቋንቋ ተናገሩ፣ ስማቸው ብቻ ቀረ።

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ደረስን። አንድ አገር ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፣ ያሸነፈና የተሸነፈ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የተጻፈ የፍራንኮች ሕግ አለ፣ የሳሊክ ሕግ ይባላል፣ ሰው የገደለ ሰው ለሟች ቤተሰብ የሚከፍለውን ካሳ ይዘረዝራል፣ የኛን የጉማ ክፍያ አስቡት። ነጻ የሆነ ፍራንክ የገደለ 200 ሶሊዲ የሚባል የወርቅ ሳንቲም ይከፍላል። መሬት ያለው ሮማዊ ከሆነ ሟቹ 100። ግማሽ! ግብር ከፋይ ጭሰኛ ሮማዊ ከሆነ ደሞ ከዛም በታች ይወርዳል። ሰው ፍራንክ መሆኑና አለመሆኑ በወርቅ የሚቆጠር ልዩነት ነበረው ማለት ነው። ከዚ ተነስቶ ነው እንግዲህ ቃሉ ከነገድ ስምነት እየወጣ የሄደው፣ «እሱ ፍራንክ ነው» ሲባል መጀመሪያ ዘሩን ነበር የሚናገረው፣ እየቆየ ግን ግብር የማይጫንበት፣ ጌታ የሌለው፣ በራሱ የሚያዝ ሰው ማለት ሆነ፣ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ «ፍራንክ» ነጻ ማለት ሆኖ ቀረ።

ተቃራኒው መንገድም አለ፣ እሱ ሲነገር ልብ ይነካል። እንግሊዝኛው «ስሌቭ»፣ ባሪያ የሚለው ቃል፣ ከስላቮች ስም የወጣ ነው። በመካከለኛው ዘመን ከምሥራቅ አውሮፓ እየተማረኩ ይሸጡ ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ ስላቮች ስለነበሩ የሕዝቡ ስም ራሱ የባርነት ስም ሆነ። የአንዱ ሕዝብ ስም ነጻነት ሆነ፣ የሌላው ሕዝብ ስም ባርነት ሆነ፣ ሁለቱም ዛሬ አንድ መዝገበ ቃላት ውስጥ አሉ።

ቃሉ ወደ እንግሊዝ የተሻገረው በፈረንሳይኛ በኩል ነው፣ ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የገዢዎች ቋንቋ ሆኖ ስለቆየ ብዙ ቃል አብሮ ገባ። በ1300 አካባቢ እንግሊዝኛ ውስጥ ፍራንክ ሲባል ነጻ ማለት ነበር። ከዛ ለጋስ የሚል ትርጉምም ተጨመረበት፣ ነጻ ሰው እጁ አይቆጠብም ከሚል ሐሳብ ይመስለኛል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው አሁን የምናውቀውን ትርጉም የያዘው፣ በንግግሩ የማይቆጠብ። እጁን ለስጦታ የፈታ ሰው አፉንም ለንግግር ፈታ እንበል።

እኔን ያስገረመኝ ይሄ መሸጋገሪያው ነው። ለምንድነው ነጻ የሚለው ቃል ግልጽ ወደሚል የሄደው? ምክንያቱም ጌታ ያለው ሰው የሚናገረውን ይመርጣላ! ጭሰኛ ባለርስቱ ፊት፣ አሽከር ጌታው ፊት የልቡን አይናገርም፣ ከተናገረ የሚያጣው አለ፣ እራቱን ሊያጣ ይችላል፣ ጀርባው ሊገረፍ ይችላል። የልቡን የሚናገረው የሚፈራው የሌለው ነው። ስለዚ ድሮ ግልጽነት እንደ ጠባይ ብቻ አልነበረም የሚታየው፣ የነጻ ሰው መብት ነበር። ላቲኖችም ጋ ይሄው አለ፣ «ኢንጌኑዩስ» ማለት ነጻ ሆኖ የተወለደ ማለት ነው፣ ከሱ የወጣው የእንግሊዝኛ ቃል ዛሬ ተንኮል የሌለበት፣ ልቡ ፊቱ ላይ የሚነበብ ሰው ማለት ነው። ያው መንገድ ሁለት ጊዜ ተሄደበት።

ታድያ እኛስ? እኛ ጋ የዚህ መንትያ የሚሆን ቃል አለ፣ ጨዋ። በመካከለኛው ዘመን ጨዋ የንጉሥ ወታደር ስም ነበር፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ከ1434 እስከ 1468 ማለት ነው፣ በየጠረፉ የሰፈሩ የጨዋ ጭፍሮች ነበሩ። በኋላ ጨዋ ማለት ባሪያ ያልሆነ፣ ከነጻ ቤት የተወለደ ሰው ሆነ፣ የጨዋ ልጅ የምንለው ከዛ ነው። ከዛ ደሞ ጠባዩ የታረመ፣ አደቡን የያዘ ሰው ሆነ። መንገዱን እዩት፣ የጦር ሰው፣ ቀጥሎ ነጻ ሰው፣ ቀጥሎ ጥሩ ጠባይ ያለው ሰው፣ ልክ እንደ ፍራንክ! የግዕዙ ሐራም ወታደርም ነጻ ሰውም ማለት ነው፣ አርነት የምንለው ከሱ ነው የወጣው።

መድረሻው ላይ ግን ተለያየን። የነሱ ነጻ ሰው ያሰበውን የሚናገር ሆነ፣ የኛ ነጻ ሰው ያሰበውን ሁሉ የማይናገር ሆነ። ጨዋ ልጅ አንገቱን ደፋ ያደርጋል፣ ቃሉን መዝኖ ያወጣል፣ ሰው ፊት ሰውን አያሳፍርም። ከሁለቱ አንዱ ልክ ነው ሌላው ስህተት ነው ማለቴ አይደለም፣ የጨዋነታችን ቁጥብነት ውስጥ ለሰው ክብር መጨነቅ አለ፣ እኔ በሱ ነው ያደግኩት እወደዋለሁም። ግን ሁለቱን ሳያውቅ በመሃል የሚያስተረጉም ሰው ብዙ ያጠፋል። ልጅ ሆነን «ምነው ዝም አልክ?» ሲባል ጨዋ ስለሆነ ነው የሚባለው ልጅ እዚህ ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩ «አይሳተፍም» ብሎ ይጽፍበታል፣ ሥራ ቦታም ስብሰባ ላይ ዝም ያለ ሰው ሐሳብ የሌለው ይመስላቸዋል።

ሌላም ማሳያ አለ። አንድ ታናሽ ለታላቁ ሳይሸፍን ሊናገር ሲል በአማርኛ ምን ብሎ ነው የሚጀምረው? «ድፍረት አይሁንብኝና»። እስቲ ይሄን አረፍተ ነገር ቆም ብላችሁ እዩት። ግልጽ መናገር ድፍረት እንደሚሆን፣ ለዛም አስቀድሞ ይቅርታ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል ተናጋሪው። እንግሊዝኛው «ፍራንክ ልሁን» ሲል ነጻ ነኝና ልናገር ነው የሚለው፣ አማርኛው ነጻ አርጉኝና ልናገር ነው የሚለው። ደፋር ስንልም ጀግናም ይሆናል ባለጌም ይሆናል፣ እንደ ድምፁ ነው።

የቃሉ ዘመዶች ብዙ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ቤታችን ውስጥ አሉ። እንግሊዞች ዕጣንን «ፍራንክ ኢንሰንስ» ነው የሚሉት፣ አንድ ጓደኛዬ ከፈረንሳይ የሚመጣ ነበር የመሰለው። ፍራንክ እዚህ ጋ የተመረጠ፣ ያልተቀላቀለ፣ ንጹህ ማለት ነው፣ ጥንታዊ ፈረንሳይኛ ነው። የኛ ነጭ ዕጣን ከመተማ፣ ከሁመራ፣ ከትግራይ ቆላ ዛፎች እየተፋቀ የሚወጣው ማለት ነው፣ እናቴ እዚህ ሱቅ ስትገዛው ማሸጊያው ላይ ያለው ስም የራይን ወንዝ ጦረኞች ስም ነው።

ገንዘብም አለ። ድሮ ገንዘብን ፍራንክ የሚሉ ሰዎች ነበሩ፣ «ፍራንክ የለኝም» ይላሉ፣ ዛሬም የሚል አይጠፋም። የፈረንሳይ ንጉሥ ዣን ሁለተኛ በ1356 ፑዋቲዬ ጦርነት ላይ በእንግሊዞች ተማርኮ ነበር፣ በ1360 ለማስለቀቂያው ኤኩ የሚባል የወርቅ ሳንቲም 3 ሚሊዮን ሊከፈል ስምምነት ሆነና አዲስ የወርቅ ሳንቲም ተመታ፣ ፍራንክ ተባለ፣ ላዩ ላይ የፍራንኮች ንጉሥ የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ንጉሡ ነጻ የወጣበት ሳንቲም ነጻ የሚል ስም ያዘ። ጅቡቲ ገንዘቧ ዛሬም ፍራንክ ነው። በዜና «ዘይትና ስንዴ በፍራንኮ ቫሉታ እንዲገባ ተፈቀደ» ሲባል የምንሰማውም ፍራንኮ ያው ራሱ ነው፣ በጣልያንኛ ነጻ ማለት ነው፣ ነጋዴው ከባንክ ዶላር ሳይጠይቅ በራሱ የውጭ ምንዛሪ ዕቃ የሚያስገባበት መንገድ ነው። ፍራንቻይዝም እንዲሁ፣ መነሻው ነጻነት፣ ከዛ የመምረጥ መብት፣ ከዛ በሌላ ድርጅት ስም ሱቅ የመክፈት ፈቃድ።

አንድ የምወደው ታሪክ ልጨምር። እንግሊዝ አገር የፓርላማ አባላት ደብዳቤ በነጻ የመላክ መብት ነበራቸው፣ ፖስታው ላይ ይፈርሙና ያለክፍያ ይሄዳል፣ ይሄም ፍራንክ ማድረግ ይባል ነበር፣ በ1840 ነው የቀረው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን አሜሪካ ውስጥ የፖስታ ሹም ነበር፣ እሱም ይሄ መብት ነበረው። ፍራንክሊን የሚለው ስም ራሱ ድሮ እንግሊዝ ውስጥ መኳንንት ያልሆነ ግን የራሱ መሬት ያለው ነጻ ገበሬ ማለት ነው። ፖስታው ላይ «ፍሪ»፣ ነጻ ከሚል ቃል ጋር መፈረም ነበረበት፣ እሱ ግን ቃሉን ስሙ መሃል አስገባውና «ቢ. ፍሪ ፍራንክሊን» ብሎ ይፈርም ጀመር፣ አሜሪካኖቹ እንግሊዝን ነጻነት ሲጠይቁ በነበረበት ሰዓት!

ወደ ምሥራቅ የሄደውን ደሞ ባጭሩ። መስቀል ጦረኞች በ1099 ኢየሩሳሌምን ሲይዙ ውስጣቸው ጀርመኑም ኖርማኑም ጣልያኑም ነበረ፣ አረቦች ግን ሁሉንም ፍራንኮች አሏቸው፣ ምክንያቱም ከዛ በፊትም የምዕራቡን ትልቅ መንግሥት በዛ ስም ነበር የሚያውቁት፣ በ800 ሮም ላይ ዘውድ የጫነው ሻርለማኝ የፍራንኮች ንጉሥ ነበር። ከአረብኛ ወደኛ፣ ወደ ፋርስ፣ ወደ ህንድ ሄደ፣ ታይላንድ ድረስ ደርሶ ነጭን ሰው ፋራንግ ይሉታል፣ ዘይቱንንም ፋራንግ ነው የሚሉት ከውጭ ስለመጣ። የሜዲትራኒያን ወደቦች ላይ ነጋዴዎች የሚግባቡበት ድብልቅ ቋንቋም ነበር፣ የፍራንኮች ቋንቋ ተባለ፣ ሊንጓ ፍራንካ፣ ዛሬ ለማንኛውም የመግባቢያ ቋንቋ የምንጠቀምበት።

አጠቃቀሙ ላይ ልመለስ፣ ለብዙዎቻችሁ የሚጠቅመው እሱ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሰው «ፍራንክ ልሁን» ካላችሁ ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ደስ የማይል ነገር ነው፣ አይዟችሁ ስድብ አይደለም፣ ማስጠንቀቂያ ነው፣ አክብሮትም አለው ውስጡ፣ እውነቱን ትሸከማለህ ብሎ ስላመነባችሁ ነው የሚናገረው። ዲፕሎማቶች «ፍራንክ ውይይት አደረግን» ካሉ ደሞ አልተስማማንም ማለታቸው ነው፣ በአማርኛ ዜና «ግልጽ ውይይት አካሄዱ» ተብሎ ሲተረጎም ተስማምተው የወጡ ይመስላል። «ካንዲድ» የሚሉት ሌላ ነው፣ ከላቲን ነጭ፣ የሚያበራ ከሚል የመጣ ነው፣ ሮም ውስጥ ለሥልጣን የሚወዳደር ሰው በኖራ የነጣ ልብስ ይለብስ ስለነበር ካንዲዴት ወይም ዕጩ የሚለው ከዛ ወጣ፣ ካንዲድ የሆነ ሰው ሳይዘጋጅ እንዳለ የሚናገር ነው፣ ለስለስ ይላል። «ብለንት» ደሞ ዱልዱም ማለት ነው፣ እንደ ዱልዱም ቢላ፣ ሳይቆርጥ ያደቃል፣ የሰውን ስሜት የማይጠብቅ ንግግር ነው፣ እሱን ከፍራንክ ጋር አታምታቱት። የኛው ግልጽ የሚለው ቃል ከሦስቱም የተለየ ሥዕል አለው፣ ገለጠ ከሚለው ነው፣ የተሸፈነን መግለጥ፣ ከመሶብ ላይ ክዳን እንደማንሳት። ለዚህ ነው አሁን ለፍራንክ ጥሩው ትርጉም «ሳልሸፍን ልንገርዎት» ነው የምለው፣ «እውነቱን ልንገርዎት» አይሆንም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ እንደዛው አልኳት። ሐኪሙ መድኃኒቱን እያቋረጠች ከቀጠለች ኩላሊቷ እንደሚጎዳ በድጋሚ ሲናገር «ሳልሸፍን ልንገርዎት ይላል» ብዬ ጀመርኩላት፣ እናቴም እስከመጨረሻው ሰማችው፣ አልከፋትም። ከዛ ነጠላዋን አስተካከለችና እኔን ሳይሆን እሱን እያየች «ድፍረት አይሁንብኝና ዶክተር፣» አለች፣ «ይሄ ኪኒን ሆዴን እያገላበጠው ነው የማቋርጠው፣ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።» ሦስት ዓመት ሙሉ አልነገረችውም፣ ለኔም አልነገረችኝም። መተርጎም ነበረብኝ። «ፍራንክ ልሁንልዎት ትላለች» ብዬ ጀመርኩ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ፣ ኪኒኑን ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ የምትወስደው ብሎ ጠየቃት፣ ሜትፎርሚን የሚባለው ይሄ የስኳር ኪኒን ሆድ እንደሚያስቸግር አስረዳትና ቀስ እያለ የሚሟሟውን ዓይነት ጻፈላት።